የኦጁሉ አማርኛ

የኦጁሉን ሞት የነገረችኝ ሚስቱ አሪየት ናት፤ በስልክ፣ በአኙዋክኛ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዝም አልኩ። አሪየት የደነገጥኩ መስሏት እሷም ዝም አለች። እውነቱን ለመናገር ገና አልደነገጥኩም ነበር። እየጠበቅኩ ነበር። የተናገረችው ነገር በአማርኛ ሆኖ በግራ ጆሮዬ በኩል እስኪመጣልኝ ነበር የምጠብቀው። ለስንት ዓመት እንዲያ ነበር የሚመጣልኝ! አኙዋክኛውን ደህና አድርጌ እሰማለሁ፤ ግን ነገሩ በኦጁሉ አፍ አልፎ ካልመጣ ለእኔ እንዳልተነገረ ነው። በኋላ ነው የገባኝ። ለካ የሞተው አስተርጓሚው ነው።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም፤ ብዙ የሚባልም የለኝ። ጋምቤላ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ተመድቤ ነው። ሁለቱ ዓመት አላልቅ ብሎኝ እዚሁ አረጀሁ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ፤ ጥርሶቼ ብርጭቆ ውስጥ ያድራሉ፤ ስነቃ እኔን የሚያዩኝ እነሱ ናቸው። የመጨረሻው ሥራዬ በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ውስጥ «የማኅበረሰብ ጉዳይ ባለሙያ» መሆን ነበር። ይኸውም ከዶዘሩ እየቀደሙ ሕዝቡ መንገዱን እንዲቀበል ማስማማት ማለት ነው። አሁን ሳስበው በእኔና በዶዘሩ መካከል የነበረው ልዩነት፣ ዶዘሩ ሲመጣ ከሩቅ መሰማቱ ብቻ ነው።

ኦጁሉ የእኔ አስተርጓሚ ነበር። ቀጭንና ረጅም፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከእኔ ትከሻ የሚስተካከል። ሁልጊዜ በግራዬ ነው የሚቀመጠው፤ «በቀኝ በኩል አማርኛው አይታየኝም» ይላል። አንድ ዱላ ነበረችው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ዝም ስል በዱላዋ ጫፍ መሬቱ ላይ አንድ አጭር መስመር ይጭራል፤ ከዚያ ይተረጉማል፤ ተርጉሞ ሲጨርስ በእግሩ ያጠፋታል። እኔ አፌ አልዘጋ ብሎ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ካከታተልኩ፣ ሦስት አራት መስመር ጭሮ አንድ በአንድ እያደረሰ አንድ በአንድ ያጠፋል። ስብሰባው ሲያልቅ እግሩ ሥር ንጹሕ መሬት መሆን አለበት። «ምንም አልቀረብኝም ጓዴ» ይለኛል ያኔ።

«ጓዴ» የሚለኝ ወዶ አይደለም። አማርኛን የተማረው በወጣትነቱ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። የቀረውን ከሬዲዮ ለቀመው። ስለዚህም እንደ ዜና አንባቢ ነበር የሚናገረው። ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ «እንደምን አደራችሁ ክቡራን አድማጮቻችን!» ይላል። አድማጩ እኔና አንድ ደንበኛ ፍየል ነን። በዚህ አማርኛው የሚኮራውን ኩራት ሌላው ሰው በከብቱም በልጁም አይኮራም። እኔን ያርመኛል! ጎጃም ተወልጄ፣ አማርኛን ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼ፣ «ይህ ሐረግ ደካማ ነው ጓዴ» እያለ ያርመኛል። የሚያናድደው ደግሞ ልክ ነው።

አንድ ጊዜ ስብሰባ ስከፍት፣ «ዛሬ የመጣነው ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ ለማስጨበጥ ነው» አልኩ። መስመሩን ጫረና ወደኔ ዞረ።

«ምኑን ነው የማስጨብጣቸው?»

«ግንዛቤ።»

«እሱን ሰማሁ። እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ ነው እኮ፤ ምን ላስቀምጥበት?»

ሌላ ቀን ደግሞ ጀግንነት ያዘኝና፣ «በዚህ መንገድ ምክንያት አንድም ሰው አይጎዳም» ብዬ ተናገርኩ። ኦጁሉ መስመሩን ጫረ። ከዚያ ዝም።

«ምነው? ተርጉም እንጂ።»

«ጓዴ፣ ነገን አይተሃት መጣህ?»

«ኧረ እኔ ከየት አይቼ!»

«እንግዲያው ይህ ቃል ከባድ ነው። ራስህ ተሸከመው።»

ይህች የሱ አባባል ናት። ያላመነበትን ቃል አፉ አይሸከምም። ምን ላድርግ፣ በራሴ አኙዋክኛ ተናገርኩት። የዚያን ጊዜ አኙዋክኛዬ እግሩ እንደተሰበረ ፍየል ነበር፤ ተነስቶ ይወድቃል፣ ወድቆ ይነሳል። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት አሮጊት መጥተው እንደታመመ ልጅ ራሴን ዳሰሱኝ። ኦጁሉ መስመሩን በእግሩ እያጠፋ፣ «አየህ፣ የራሱን ሸክም ለሚሸከም፣ ሰው ያዝንለታል» አለኝ። አኙዋክኛ ያስተማረኝ ኦጁሉ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ያስተማረኝ ግን አልተረጉምም እያለ ነው።

እንዲያም ሆኖ መንገዱን ከኔ በላይ የሚፈልገው እሱ ነበር። የአሪየት ታናሽ እህት በክረምት ምጥ ይዟት፣ በጀልባ ወደ ከተማ ሲወስዷት ውሃው ላይ ነው የቀረችው። ኦጁሉ ነበር የሚቀዝፈው። ስለዚህ «መንገድ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም የሚጭራት መስመር ጠለቅ ትላለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ፤ ወደሱ እንዳልመጣ ነው እስካሁን የምቀልደው።

የእነኦጁሉ መንደር ከኢታንግ አለፍ ብሎ ባሮ ዳር ነው። ስሙን አልጽፍም። አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ጽፌው የሆነውን ታያላችሁ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ውሃው በአምስት ቦታ በመንደሩ ጎን ሰብሮ ይገባል፤ ሲጎድል በዚያው ይመለሳል። ተመልሶ ሲሄድ ጥቁር ደለል ይተዋል፤ በቆሏቸውን የሚዘሩት በዚያ ላይ ነው። መንገዱ ደግሞ የሚያልፈው በወንዙና በመንደሩ መካከል፣ ከፍ ብሎ በተደለደለ አፈር ላይ ነው።

ሦስት ቀን ተሰበሰብን። በሦስተኛው ቀን የመንደሩ አለቃ፣ ኳሮ የሚሉት፣ ተነስቶ ተናገረ። ኦጁሉ በግራዬ ሆኖ እንዲህ አደረሰልኝ፦

«መንገዱን እንፈልጋለን። ነገር ግን ውሃው እዚህ ከእኛ በፊት የመጣ ነው። ሲገባ በር ይፈልጋል፤ ሲወጣም በር ይፈልጋል። አምስት በር ተዉለት፤ ከዚያ መንገዳችሁን ሥሩ።»

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ። አማርኛው አንድም ነገር አልጎደለውም። በማግሥቱ ሴቶቹ አምስት ረጃጅም እንጨት ቆርጠው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ አስረው፣ ውሃው በሚገባበት በአምስቱ ቦታ ተከሉ። ኦጁሉ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እያነከስኩ፣ አንድ በአንድ አየናቸው። ደብተሬ ላይም ጻፍኩ፦ «አምስት ቦታ። ቱቦ ወይም ድልድይ። ያለዚህ አይሆንም።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቢሮ ስመለስ ቃለ ጉባኤው በአስቸኳይ ይፈለጋል ተባለ። አለቃዬ ረቂቄን አየና፣ «ቅድመ ሁኔታ ያለው ስምምነት፣ ስምምነት አይባልም። ይሄ ከሄደ ዲዛይኑ ይመለሳል፤ ዲዛይኑ ከተመለሰ በጋው ያልፋል» አለኝ። አልጮኸብኝም፤ አላስፈራራኝም። እንዲያውም ሻይ አዞልኛል። እኔም ቁጭ አልኩና ዕድሜ ልኬን የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «ከሰፊ ውይይት በኋላ ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ተኝቼም እጽፈዋለሁ። ሰው ባልመጣበት ስብሰባ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሰው በተደባደበበት ስብሰባ ጽፌዋለሁ። ለልቤ ደግሞ፣ «ግድ የለም፣ መሐንዲሶቹ እንጨቶቹን ያዩዋቸዋል» አልኩት። እንጨቶቹን ግሬደሩ በአንድ ጠዋት ጠረጋቸው። እኔ ያን ቀን ወባ ይዞኝ ተኝቻለሁ። ወባ ሰበብ በፈለግኩ ጊዜ ሁሉ ደርሶልኛል፤ አልክደውም።

ለአምስቱ በር የተቀበረው አንድ ቱቦ ነው። እሱም ስድስተኛ ቦታ ላይ።

በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ከላይ በኩል በሌላ አቅጣጫ ዞሮ መንደሩ ውስጥ ገባ። መግባቱንስ ገባ፤ የሚወጣበት አጣ። የመንገዱ አፈር እንደ ግድብ ያዘው። ቤቶቹ ውሃ ውስጥ ቆሙ፤ የእህል ጎተራዎቹ ሥራቸው ራሰ፤ የሞቱ ዶሮዎች ይንሳፈፋሉ። ሰዉ ልጁንና ምንጣፉን ይዞ መንገዱ ላይ ወጣ፤ ደረቁ ቦታ እሱ ብቻ ነበርና። ከኦጁሉ ጋር ደረስን። ወጣቶቹ የፕሮጀክቱን ግሬደር ከበውታል። ሾፌሩ፣ እንደኔው ከደጋ የመጣ ጎልማሳ፣ ውስጥ ተቆልፎበት መሪውን ጨብጦ ያለቅሳል። የአንዳንዶቹ እጅ ባዶ አልነበረም።

ኳሮው ወደ ኦጁሉ መጣ። እኔን አላየኝም፤ እኔን ማየት ምን ይሠራለታል?

«አምስቱን በር ነግረኸዋል?» አለው።

ኦጁሉ በዱላው አንድ መስመር ጫረ። አየኝ። ፊቴ ላይ ያነበበውን እንጃ፤ ያን ወረቀት ያነበበ ይመስለኛል። ከዚያ ወጣቶቹን አየ፤ ግሬደሩን አየ፤ ሾፌሩን አየ። ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«የነገርኩት መስሎኝ ነበር። አማርኛዬ ግን አልበቃም። በሮቹን አላደረስኳቸውም።»

አኙዋክኛ አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ሰማሁና ዝም አልኩ።

ቁጣው ማረፊያ አጣ። የገዛ ሽማግሌውን ምላስ በጦር የሚወጋ የለም። አንዱ ወጣት ትፍ ብሎ ሄደ፤ ሌላው ተከተለው፤ ሾፌሩ በሩን ከፈተ። ኳሮው ብቻ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አፋችን አትሁን» አለው ለኦጁሉ፤ በቁጣ አይደለም፣ የደከመው ሰው በሚናገርበት ድምፅ። ኦጁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እግሩ ሥር የነበረችውን መስመር ግን አላጠፋትም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ለምን?» አልኩት።

«እውነቱ በዚያች ሰዓት ሰው ይገድል ነበር። መጀመሪያ ሾፌሩን። ቀጥሎ አንተን። ከዚያ ከተማ ውስጥ ያሉት ያንተ ሰዎች የኔን ሰዎች፣ የኔዎቹ ያንተን። አንዴ ከተጀመረ የት እንደሚቆም ሁለታችንም አይተናል፤ አላየንም?»

«አይተናል።»

«ውሃው ሲጎድል፣ ልባቸው ሲበርድ፣ አንተ ትነግራቸዋለህ።»

«እሺ።»

«ከባድ ነው። ራስህ ትሸከመዋለህ።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

እሺ ማለት ቀላል ነው፤ እንደ «በሙሉ ድምፅ»።

ውሃው ጎደለ። መንደሩ ከወንዙ ርቆ ወደ ከፍታው ተዛወረ፤ የደለሉ መሬት ቀረ። መጀመሪያ ልባቸው አልበረደም ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ዝናብ ነው ብዬ። ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፤ ባለሥልጣን ሳልሆን ምን ብዬ እሄዳለሁ አልኩ። ከዚያ ጉልበቴ። ፈሪ ሰው ጉልበቱ መታመሙን እግዜር እንደሰጠው ሰበብ ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቱቦው እንዲጨመር ደብዳቤ ይዤ ቢሮ ሄድኩ። በኔ ቦታ የተቀመጠችው ልጅ ፋይሉን አውጥታ በትሕትና አሳየችኝ፦ «ጋሼ፣ ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ይላል። ፊርማው የማን እንደሆነ ያውቁታል?» አውቀዋለሁ። የሚያምር ፊርማ ነበረኝ።

ኦጁሉን ከዚያ ወዲህ አስተርጉም ያለው የለም። ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሌላ ሰው ያዙ። «አማርኛው አይበቃም» ተብሏላ፤ ራሱ ነው ያለው። ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ የደረቀ ዓሣ ይዞልኝ በዚያው በመንገዱ ይመጣል፤ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ «እንደምን ዋላችሁ ክቡራን አድማጮቻችን!» ይላል። ማንጎው ሥር እንቀመጣለን። ስለ ጉልበቴ እናወራለን፤ ባለቤቴ በኔ ትስቃለች፣ እሱም ይጨምርበታል። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን በአፉ አላነሳም። ሊሄድ ሲነሳ ግን ይጠይቀኛል፦

«አማርኛዬ እንዴት ነው፤ አልዛገም?»

«ከኔ ይሻላል።»

አንድ ቀን ብቻ፣ እንደ ልማዴ «ከኔ ይሻላል» ስለው፣ በሩን ይዞ ቆመና ዞር ሳይል፣ «እነሱስ ይህን መቼ ይሰማሉ?» አለ። መልሴንም ሳይጠብቅ ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ የተቀመጠበት ወንበር እግር ሥር ሁልጊዜ አንዲት መስመር ትገኛለች። አጭር፣ ያልጠፋች። ባለቤቴ ምን እንደሆነች ሳታውቅ ጠዋት ትጠርጋታለች። በሌላ ጊዜ ሲመጣ እንደገና ይጭራታል። አንድም ጊዜ ሳያጠፋት ዓመታት አለፉ። እኔም አይቻት አላየሁ ሆኜ ዓሣዬን በላሁ።

የሞተው ጋምቤላ ሆስፒታል ነው፤ ሁለት ቀን ተኝቶ። እኔ አልሰማሁም። ከቤቴ በእግር የሚደረስበት ቦታ ተኝቶ አልሰማሁም። አሪየት ልጥራልህ ብትለው፣ «ጉልበቱን ያመዋል፤ ተዪው» አለ አሉ።

ለቀብሩ በዚያው መንገድ ሄድኩ። ድሮ ግማሽ ቀን ይፈጅብን የነበረውን፣ ወገቤ ሳይንገጫገጭ ደረስኩ። መንገዱ መልካም ነው። ምጥ የያዛት ሴት ከዚያ መንደር ተነስታ በሰላም ትደርሳለች፤ ይህን ኦጁሉም ይወደው ነበር። ከመስኮቱ ግን በአንድ በኩል ደለል የማያርፍበት የደረቀ ሜዳና ሰው የተወው የቤት ፍራሽ አየሁ፤ በሌላው በኩል ወንዙን። መሐል ላይ አስፋልቱ ያበራል።

ከጎጆው ጎን ቀበሩት። መዝሙሩ ሲያበቃ ሰዉ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ አንድ አንድ ቃል ተናገሩ። አንዱ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን፣ «ደግ ሰው ነበር፤ ምላሱ ነው ያሳተው» አለ። አሪየት አንገቷን ደፋች።

ተነሳሁ። አጠገቤ የነበረችው የመንደሩ መምህርት ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ላስተርጉምልዎት?» አለችኝ።

«አይ ልጄ። ይሄ ከባድ ነው፤ ራሴ ልሸከመው።»

በአኙዋክኛዬ ጀመርኩ።

«አምስቱን በር ኦጁሉ ነግሮኛል» አልኩ። ብዬም ዝም አልኩ። ልማድ ነው፤ ባለቤቴ እንኳ ሳወራት «ቀጥል እንጂ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» ትለኛለች። ቦታውን ለሱ ተውኩለት። ማንም አልሞላውም። በከዘራዬ ጫፍ አንድ መስመር ጫርኩ።

«አማርኛው ልክ ነበር። ከኔ አማርኛ ይበልጥ ነበር።» ዝም። ሁለተኛ መስመር።

«ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። ወረቀቱ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ዝም። ሦስተኛ።

«የዚያን ቀን መንገዱ ላይ እሱ የነገራችሁን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።» አራተኛ።

ቃላቱን አበላሽቻቸዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። እንደ ድሮው እንዲስቁብኝ ልቤ ተመኝቶ ነበር፤ እኚያ አሮጊትም መጥተው ራሴን እንዲዳስሱኝ። አንድም ሰው አልሳቀም። አሪየት ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መቃብሩ መለሰች። አራቱን መስመር በእግሬ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው።

ኳሮው በጣም አርጅቷል፤ ሁለት ሰው ደግፎ አስነሳው። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በቀስታ፣ ሕፃንም በሚገባው ቃል፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

«ይህን እሱ እየሰማ ለምን አልነገርከንም?»

አምስተኛዋን መስመር ጫርኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ወደ ግራዬ ዞርኩ። በግራዬ የነበረው አዲሱ አፈር ነው።

መስመሯን አላጠፋኋትም።